«ሚሳ ሉባ»፦ የ1958ቱ ቀረጻ ወይስ የ1990ው?

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሁለት ሳምንት ወዲህ፣ ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ አንድን ሥራ በሁለት ቀረጻ እያፈራረቅሁ ስሰማ ከርሜአለሁ። ሥራው «ሚሳ ሉባ» ነው፤ ቃሉ የላቲን ቅዳሴ፣ ዜማው የኮንጎ። «ሚሳ» ቅዳሴ ማለት ነው፣ «ሉባ» ደግሞ የአንድ የኮንጎ ሕዝብ ስም። አንደኛው ቀረጻ በ1958 በፊሊፕስ ኩባንያ የታተመው የካሚና ልጆችና መምህራን ሸክላ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሁለተኛው ይኸው ኩባንያ በ1990 ያወጣው፣ በቦኒፌስ ምጋንጋ የሚመሩት የኬንያው ሙንጋኖ ብሔራዊ መዘምራን የዘመሩት ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ብዬ ነበር የጀመርሁት፤ አሁን ግን ጥያቄው ራሱ በትክክል የተጠየቀ መሆኑን ስለ ተጠራጠርሁ፣ ሁለቱንም የሰማችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

ሥራውን ለማታውቁት አመጣጡን ባጭሩ ልንገራችሁ። የፍራንቸስካውያን ማኅበር አባል የሆኑት ቤልጅጋዊው አባ ጊዶ ሃዘን በ1953 ወደ ኮንጎ ሄደው በካታንጋ ግዛት በካሚና ከተማ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 የሚሆን 45 ያህል ልጆችንና 15 ያህል መምህራንን አሰባስበው «የንጉሥ ቦድዌን ትሩባዱሮች» የሚል ስም የተሰጠውን የመዘምራን ቡድን አቋቋሙ። ቅዳሴው ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው ማርች 23 ቀን 1958 እዚያው ካሚና በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቡድኑ ወደ አውሮፓ ተጉዞ በብራስልስ የዓለም ትርኢት ላይ ጭምር ዘመረ። በመጀመሪያ የተጻፈ ኖታ አልነበረም። ዘማሪዎቹ የሚያውቁትን የለቅሶ፣ የስንብትና የጭፈራ ዜማ ከላቲኑ ቃል ጋር እያዋደዱ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ ነው ያወጡት። ኖታው የታተመው በ1960ዎቹ ውስጥ፣ ሸክላው ዓለምን ከዞረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ስለ ጆሮዬ ልናገር። «ሳንክቱስ» የተባለውን ክፍል፣ ማለትም እኛ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት» የምንለውን፣ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በ1958ቱ ቀረጻ አውጪው ጆአኪም ንጎይ የተባለው የካሚና መምህር ነው። ቴነር ድምፁን ከተቀባዮቹ በላይ አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ልጆቹ ከሥሩ ሲገቡ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይገቡም፣ አንዱ በግማሽ ትንፋሽ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ዜማው የሉባ የስንብት ዘፈን እንደ ነበረ ሳላውቅ በፊትም አንድ ሰው እየራቀ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። «ሆሳዕና» ላይ ሲደርስ ግን ካሳይ የተባለው የኮንጎ አውራጃ የጭፈራ ምት ድንገት ይነሣና ሐዘኑን ጠራርጎ ይወስደዋል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

የ1990ው ቀረጻ በአቀራረጹ እጅግ የላቀ ነው። የከበሮው ቆዳ ይሰማል፣ የቅሉ ፍሬ ሲንሿሿ ከየት በኩል እንደሆነ ይለያል፣ የአዋቂዎቹ ድምፅ ሰፊና የተገራ ነው፤ ሴቶቹም አሉበት። ነገር ግን ተቀባዩ አውጪው ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል። አውጪው ሳይጨርስ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የእኔ ፍርድ ለጊዜው ይህ ነው፦ ሁለተኛው የተሻለ ቀረጻ ነው፣ ሥራው ግን የመጀመሪያው ነው።

ናይሮቢ 14፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን በደስታ አነበብሁት፤ ፍርድዎ ግን ለኬንያውያኑ የማይቻል ፈተና ያወጣ ይመስለኛል። ሌሎች ያፈለቁትን ዜማ ከ32 ዓመት በኋላ የሚዘምሩ ሰዎችን «አሁን እንደ ፈለቀ አድርጋችሁ ዘምሩልኝ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ደግሞስ የካሚናዎቹ ዝማሬ ያን ያህል ድንገተኛ ነበርን? እርስዎ ራስዎ እንደ ጻፉት ቅዳሴው በማርች ተዘምሮ ከጥቂት ወራት በኋላ በአውሮፓ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ አቀረቡት። አንድ ዜማ ይህን ያህል መድረክ ከረገጠ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሠርግ ዘፋኝ እንኳ ቅዳሜ «ድንገት የመጣልኝ» ያለውን ግጥም እሑድ ሌላ ሠርግ ላይ ይደግመዋል። በሸክላው ላይ የምንሰማው ልቅነት ከፊሉ ከልጅ ድምፅ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። አርባ አምስት ሕፃናት እኩል ባይገቡ ያስደስተናል፤ አዋቂዎች እኩል ባይገቡ ግን «አልተለማመዱም» ብለን እንወቅሳቸዋለን።

እኔ ኑሮዬ እዚሁ ናይሮቢ ስለሆነ ላዳላ እችላለሁ። ቢሆንም በ1990ው ሲዲ ላይ ከቅዳሴው ቀጥሎ ያሉትን የኬንያ ባህላዊ ዜማዎች ይስሙልኝ። እዚያ መዘምራኑ በገዛ ቤታቸው ናቸው፣ የሚሉት የመልስ አገባብ ጉድለትም የለባቸውም። ይህ የሚያሳየው ሰዎቹ በነጻነት መዘመር እንደሚችሉ፣ በ«ሚሳ ሉባ» ላይ የታየው ጥንቃቄ ግን ለሰው ዜማ ያላቸው አክብሮት መሆኑን ነው። ኬንያዊ የሉባን ዜማ ሲዘምር አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ የራሱ ይሆናል የሚል ካለ፣ የመንዝ ሰው የጋሞን ዜማ ሳይማር እንዲያወጣ ይሞክር።

የላይፕዚግ ቴነር፦

ይህን ሥራ ከኖታ ዘምሬዋለሁ፤ እንዲያውም ሰሞኑን እንደገና ልንዘምረው እየተለማመድን ስለሆነ ውይይቱ በጊዜው ደርሶልኛል። የምኖረው ጀርመን ነው፤ የመዘምራን ቡድናችን የአማተር ነው፣ ከእኔና ከአንዲት የካሜሩን ተወላጅ በቀር ሁሉም ጀርመናውያን ናቸው።

ኖታው ላይ ያለውን ነገር ልንገራችሁ። በሸክላው ላይ ንጎይ ከላይኛው ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው፤ እዚህ ቆመ፣ እዚያ ረገጠ የምትሉት ነጥብ የለም። ወረቀቱ ላይ ግን ያ መውረድ በትናንሽ ኖታዎች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዷ ርዝመቷ ተለክቶ ተቀምጧል። መሪያችን ጥንቁቅ ሰው ናቸውና እያንዳንዷን በእርሳስ እንድንቆጥራት አደረጉን። ባለፈው ልምምድ ሶሎውን የሚዘምረው ባልደረባዬ በጣቱ ጭኑን እየመታ ሲቆጥር አየሁት። አንድም አልሳተም፤ የወጣው ዜማ ግን የስንብት ዘፈን ሳይሆን የሒሳብ ፈተና መሰለ። ከበሮ የሚመቱልን ከአንድ ኦርኬስትራ በክፍያ የመጡ ሁለት ባለሙያዎችም ዐይናቸውን ከወረቀቱ አያነሡም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጸሐፊ ያነሡት ጥያቄ በሁለት ቀረጻዎች መካከል ብቻ ያለ አይደለም። በሰዎች ጉሮሮ የተወለደ፣ በሸክላ የተያዘ፣ ከዚያም በኖታ የሰፈረ ሥራ ስንዘምር የምንከተለው የትኛውን ነው? እኛ በተግባር የምናደርገው፣ አንድ ቀን በካሚና ዘማሪዎች አፍ ላይ የመጣውን አጋጣሚ ሕግ አድርገን ማክበር ነው። በሌላ ቀን ቢቀዱ ኖሮ ኖታው ሌላ ይሆን ነበር።

እሙ ሠናይት፦

በጣም የሚገርም ውይይት ነው። ዩቲዩብ ላይ «ግሎሪያ»ን፣ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» የሚለውን ክፍል፣ አሁን ሰማሁት፤ ከበሮው የእኛን ቅዳሴ አስታወሰኝ። ካቶሊኮቹ በ1958 ያገኙትን እኛ ከቅዱስ ያሬድ ዘመን ጀምሮ ይዘነው ኖረናል ማለት ነው።

ዘቤተልሔም፦

እሙ ሠናይት፣ በትሕትና አንድ እርማት ላቅርብ። በእኛ ሥርዓት በቅዳሴ ሰዓት ከበሮ አይመታም፤ ከበሮና ጽናጽል የማኅሌት ናቸው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከማኅሌቱም ይነሣሉ፤ መዘምራኑ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። ስለዚህ በሥርዓተ ቅዳሴው መካከል የጭፈራ ምት ማስገባት ለእኛ ካህን፣ ለሮማው ካህን የሚደንቀውን ያህል ይደንቀዋል።

ስለ ኖታው የላይፕዚጉ ወንድማችን ያነሣው ነገር ግን ልቤን ነክቶታል። በልጅነቴ ድጓ ቤት ገብቼ ነበር፤ አልጨረስሁም። ከቃሉ በላይ የሚቀመጡት ምልክቶች ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ድርስና አንብር ናቸው። መጽሐፉን ብቻ ይዞ «ርክርክ» እንዴት እንደሚረከረክ ማንም ሊያውቅ አይችልም። መምህሩ ያዜሙታል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይቀበላል። ምልክቱ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ላልሰማ ሰው ምንም አይነግረውም። የአውሮፓው ኖታ በተቃራኒው ያልሰማውን ሰው ሊያስዘምር የተሠራ በመሆኑ ሁሉንም ነገር ለክቶ መናገር ግድ ይለዋል። የንጎይ ድምፅ መውረድ በእኛ ምልክት ቢጻፍ አንዲት «ድፋት» ትበቃው ይሆናል፤ ነገር ግን እሱን የሰማ መምህር ያስፈልጋል። ወንድሜ፣ መሪያችሁ ሸክላውን ለዘማሪው አስደምጠውት ያውቃሉን?

የላይፕዚግ ቴነር፦

መምህር፣ አንድ ጊዜ አስደምጠውናል፤ ግን «እንዳትኮርጁት» ብለው። ቀረጻ መምሰል ለዘማሪ ነውር ነው የሚል እምነት አላቸው። ለባኽ ሥራ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር፤ እዚህ ግን ያለን መምህር ሸክላው ብቻ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦

በቀረጻዎቹ መካከል ያለውን ዘመን ዘልለን ብናወዳድራቸው እንሳሳታለን ብዬ ስለማምን ትንሽ ልበል።

የ1958ቱ ቀረጻ የቅኝ ግዛት ሥራ ነው። ቡድኑ የተሰየመው በቤልጅጉ ንጉሥ ነው፤ ኮንጎ ነጻ የወጣችው ጁን 30 ቀን 1960፣ ሸክላው ከወጣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። «ሉባ» የሚለው ስምም ከሚታየው በላይ ሰፊ ነው። «አኙስ ዴይ» የተባለው የመጨረሻው ክፍል የተመሠረተው ቤና ሉልዋ በተባለ ሌላ የካሳይ ሕዝብ ዜማ ላይ ነው፤ ቤና ሉልዋና የካሳይ ሉባዎች ደግሞ በ1959 በሉሉአቡርግ ከተማ ደም ተፋሰዋል። በሸክላው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ዜማዎች ባለቤቶች ከዓመት በኋላ ጎን ለጎን መኖር አቅቷቸው ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ ክፍል «ሰላምን ስጠን» የሚለውን የላቲን ቃል እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልሁም።

በቤተ ክርስቲያን በኩልም የተለወጠ ነገር አለ። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1955 ባወጡት መልእክት በሚሲዮን አገሮች የሕዝቡ የገዛ ዜማ ለአምልኮ እንዲውል አበረታትተው ነበር፤ የአባ ሃዘን ሥራ ከዚያ መንፈስ ጋር ይሄዳል። የሕዝቡ ቋንቋ በቅዳሴው በሰፊው እንዲገባ በር የተከፈተው ግን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በዲሴምበር 1963 በወጣው ሰነድ ነው። በ1988 ደግሞ ሮም ለዛየር (ኮንጎ ያኔ የምትጠራበት ስም ነው) አህጉረ ስብከት የራሳቸውን ሥርዓተ ቅዳሴ አጸደቀች። ስለዚህ ሙንጋኖዎች በ1990 ሲቀዱት «ሚሳ ሉባ» በላቲን የሚዘመር የአፍሪካ ቅዳሴ ሆኖ ለትውልድ አገሩ አምልኮ አስፈላጊነቱ ቀርቶ ነበር፤ የኮንሰርት ሥራ ሆኗል። የኮንሰርት ሥራ ደግሞ በኮንሰርት ደንብ መቀዳቱ ተገቢ ነው። ጋሼ ሸክላ ሰብሳቢ የጎደለ ነው ያሉት ነገር ለእኔ ሥራው የደረሰበት ዕድሜ ነው።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ቀረጻ ዝናው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው የፊልም ሠሪ ፓዞሊኒ በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ፊልም ሲሠራ «ግሎሪያ»ን ተጠቅሞበታል፤ ሊንዚ አንደርሰን በ1968 ስለ እንግሊዝ የአዳሪ ትምህርት ቤት ዐመፀኞች በሠራው ፊልም ደግሞ ዋናው ተዋናይ «ሳንክቱስ»ን በሸክላ ማጫወቻ ደጋግሞ ይሰማል። ብዙ አውሮፓውያን ሥራውን የሚያውቁት ከዚያ ነው፤ የቅዳሴ ክፍል መሆኑን ሳያውቁ የወደዱትም ጥቂት አይመስሉኝም።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናይሮቢ 14፣ በልጅ ድምፅ ላይ ያልሽው አሳምኖኛል፤ «ልቅነት» ያልሁት ነገር ከፊሉ ልጅነት ነው፣ ያንን ከፈጠራ ጋር አደባልቄዋለሁ። የኬንያ ዜማዎቹንም ዛሬ ጠዋት ሰማኋቸው፣ እውነትሽን ነው።

ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ አልረታም። «ክሬዶ»ን፣ ጸሎተ ሃይማኖቱን፣ ማለቴ ነው። ትናንት ማታ «ተሰቀለ» የሚለው ቃል ያለበትን ክፍል ብቻ በሁለቱም ቀረጻ ሰባት ሰባት ጊዜ ሰማሁት። የ1958ቱ ዘማሪዎች እዚያ ሲደርሱ የእምነት መግለጫ ማንበባቸውን ይተዋሉ፤ ከበሮው የመርዶ ከበሮ ይሆናል፤ ዜማውም በሉባዎች ዘንድ የሟቹ ስምና ትውልድ እየተነሣ የሚለቀስበት «ካሳላ» ነው፣ የእኛን ሙሾ የሚመስል። ሙሾ አውጪ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያንን ድምፅ አይስተውም። የእናቴ አክስት አልቃሽ ነበሩ፤ ግጥሙን ሊያወጡ ሲሉ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ትንፋሻቸው ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ይያዝ ነበር። ከካሚናው ሸክላ ያንኑ የትንፋሽ መያዝ እሰማለሁ። በ1990ው ቀረጻ ያ ክፍል ያማረ ነው፣ ያሳዝናልም፤ ሰው የሞተበት ሰው ድምፅ ግን አይደለም። ታሪክ ወዳድ እንዳሉት ይህ የዕድሜ ጉዳይ ከሆነ፣ ሥራው ሲያድግ የጣለው ነገር አለ።

ናይሮቢ 14፦

ጋሼ፣ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። «ክሬዶ»ን እኔም የምሰማው ከድሮው ነው። «ኪርዬ»ን፣ «አቤቱ ማረን» የሚለውን የመጀመሪያ ክፍል፣ እና «ግሎሪያ»ን ግን ከሙንጋኖዎች አልለውጥም፤ በተለይ ሴቶቹ መልሱን ሲያነሡት የድሮው ቀረጻ ጠባብ ክፍል ውስጥ የታፈነ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ሁላችንም «የአባ ሃዘን ቅዳሴ» እንላለን፤ ኖታውም በስማቸው ነው የታተመው። ሰብስበዋል፣ አዋድደዋል፣ አስተካክለዋል፣ ድካማቸውን አልነፍግም። ይሁን እንጂ የላይፕዚጉ ወንድማችን ጣት እየመታ የሚያስቆጥረው ያ የድምፅ መውረድ የንጎይ ነው። የአንድ ሙሾ ግጥም ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው ደራሲ ቢባል የጋሼ አክስት ምን ይሉ ነበር?

ዘቤተልሔም፦

ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ለወረቀቱ ሰው አንድ ስንኝ እንደሚያወጡለት ግን እገምታለሁ።

የላይፕዚግ ቴነር፦

ከትናንቱ ልምምድ መልስ ነው የምጽፈው። የመምህር ዘቤተልሔምን ሐሳብ ለመሪያችን ነገርኋቸው፤ ሳቁ፣ ግን ፈቀዱ። «ሳንክቱስ»ን መጀመሪያ ከሸክላው ሦስት ጊዜ ሰማን፣ ከዚያ ወረቀቱን ወንበር ሥር አድርገን ከበሮ መቺዎቹ ወደ ሶሎው ዘማሪ ፊታቸውን አዙረው፣ እጁን ሳይሆን ትንፋሹን እያዩ መቱ። በመጀመሪያው ሙከራ ባልደረባዬ ከላይኛው ድምፅ ላይ ወረደ፣ ሳይቆጥር ወረደ፣ እኛም ከሥሩ ገባን፤ የካሜሩኗ ዘማሪት ዞር ብላ አየችኝ። ሁለተኛውን ስንሞክር «ሆሳዕና» ላይ አንዱ ከበሮ ቀድሞ ገባ፣ ባሶቹ ተከተሉት፣ ሶፕራኖዎቹ ቀሩ፣ ሁሉም ተበታተነ። መሪያችን አጨብጭበው አስቆሙን፤ ለኮንሰርቱ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቀረ ወረቀቱን አንሡ አሉን። ከበሮ መቺዎቹን ብቻ ወደ ዘማሪው እንደ ዞሩ እንዲቆዩ ተዋቸው።